የዳኛው ስም ከላይ

ፈትሂያ የዌብሳይቷን የአጠቃቀም መመሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ጽፋ፣ ፎቶውን ለጥፋ፣ ቀዩን ክብ አክብባ በጨረሰች ማግስት የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ኃይሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ልጄ፣ ይቺን ‹መዝግብ› የምትለዋን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ ብታወጪልን ምን ይመስልሻል? ዓይኔ ቶሎ አያገኛትም» አሏት።

ቁልፏን ወደ ላይ ማውጣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ችግሩ መመሪያው ነበር። አንዲት ቁልፍ ቦታ በለወጠች ቁጥር የአርባ ሁለት ገጽ ፎቶ ይበላሻል። እንደገና ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት፣ እንደገና ማክበብ፣ እንደገና «አሁን ይህን ይጫኑ» ብሎ መጻፍ። ፈትሂያ «እሺ ጋሼ» ብላ ወደ እናቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ተመለሰችና ከማሽኑ ጀርባ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

እናቷ ሰልሚያ በጎን አየቻት።

«ምን አሉሽ? አንፈልግም አሉ?»

«ቁልፍ ወደ ላይ ይውጣ አሉ።»

«ቁልፍ ብቻ? የደበቅሽኝ የለም?»

«እማ፣ ቁልፍ ብቻ።»

ሰልሚያ አላመነችም። እሷ መልካም ወሬ ሲነገራት ከጀርባው ምን እንደተደበቀ የምትፈልግ ሴት ናት። ልጇ ሲያስላት ሳንባ፣ ዝናብ ሲዘገይ ድርቅ፣ ሰው በሰዓቱ ካልመጣ የመኪና አደጋ ይታያታል። የፈትሂያ አባት ከስድስት ዓመት በፊት ጠዋት «ደህና ዋሉ» ብሎ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በሰው ሸክም ከተመለሰ ወዲህማ ማንም «አትፍሪ» ብሎ አያሳምናትም።

በዚያ ሰሞን ግን የምትፈራው ነገር ልቧ የፈጠረው አልነበረም። ፈትሂያ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ከወጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቡታጅራም ወልቂጤም አዲስ አበባም ያልተፈተነችበት መሥሪያ ቤት የለም፤ አልሆነም። አብሮ አደጓ ሽፋ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በደላላ ወደ ጂዳ ልትነሳ ነው። መንግሥት ጉዞውን ከከለከለ ወዲህ የሚኬደው በበረሃ ነው፤ በዚያ መንገድ ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆችን ሰልሚያ በስም ትቆጥራለች። ፈትሂያም ለእናቷ ሳትደብቅ ነግራታለች፦ «የሰባቱ እድሮች ሽማግሌዎች በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከፈረሙልኝ ሥራ አለኝ፣ እቀራለሁ። ካልፈረሙ ከሽፋ ጋር ነኝ። በሃያ አራት ዓመቴ ቁጭ ብዬ ያንቺን እጅ አላይም።»

ሥራው ይህ ነበር። ሰባት የሰፈር እድሮች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለባቸው፣ መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ሊያዞሩ ተስማምተዋል። ፈትሂያ ዌብሳይት ሠራችላቸው። አባል ይመዘገብበታል፣ ዕቃ ይመዘገብበታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሲሞት የሟች ስም ተሞልቶ አንዲት ቁልፍ ከተጫኑ ለአባላቱ ሁሉ በስልካቸው መልእክት ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ሞት የሚለፈፈው በእድሩ ለፋፊ በአባባ ከድሮ ጡሩምባ ነበር። አባባ ከድሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞሩ ነፍተዋል። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፣ ከተማውም ሰፍቷል፤ ጡሩምባው የማይደርስበት ሰፈር በዝቷል።

ሽማግሌዎቹ ዌብሳይቱን ወደዱት። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ጠየቁ፤ መጽሐፍ ይኑረው። በአማርኛ፣ በፎቶ፣ እያንዳንዷ ቁልፍ ምን እንደምትሠራ የሚናገር። «አንቺ ነገ ብታገቢ፣ ብትሄጂ፣ እኛ ማንን እንጠይቃለን?» ነበር ያሏት።

ፈትሂያ ግንባሯን ከግድግዳው አንስታ ላፕቶፗን ከፈተች። ለአራተኛ ጊዜ በእጄ አልጽፍም ብላ ማለች።

አምስት ቀን አቀርቅራ ዋለች። በስድስተኛው ቀን እናቷን ጠራቻት። «እማ ነይ፣ እጄን እዪ» አለችና ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። ስክሪኑ ላይ ገጹ ብቻውን ይከፈታል፣ ቁልፉ ብቻውን ይጫናል፣ ሳጥኑ ብቻውን ይሞላል። ፕሮግራሙ ዌብሳይቱን እንደ እንግዳ ክፍል በክፍል እየዞረ ያየውን ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ ቁልፏን በቀይ ያከብባል፣ ከሥሯ ይጽፋል። በአሥራ አንድ ደቂቃ አርባ ሁለት ገጽ ከማተሚያው መውጣት ጀመረ።

«ማን ይዞት ነው የሚዞረው?» አለች ሰልሚያ።

«ማንም። ራሱ።»

«የማይነካ ቢነካስ?»

«ይንካ! ኮፒው ላይ እኮ ነው የሚዞረው። እውነተኛው መዝገብ እድሩ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው፣ አይደርስበትም።»

ሰልሚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች፣ በፎቶ ኮፒ ቤቷም የሰውን ማመልከቻ አርማ የምትሰጥ ናት። እርሳስ ይዛ መመሪያውን ገጽ በገጽ አነበበችው። ሁሉም ገጽ ላይ ባዶ ሳጥን የነበረው «አንድ ሁለት ሦስት» በሚል ተሞልቷል።

«ይሄ ምንድን ነው? የሰው ስልክ አንድ ሁለት ሦስት፣ የሰፈሩ ስም አንድ ሁለት ሦስት።»

«ባዶ ሲያገኝ የሚሞላው ነው፣ ለምሳሌ ያህል።»

«እዚህ ሟች የሚለው ጋስ? ‹ሙከራ ሙከራ› ይላል።»

«ስም ሲጠየቅ ከአባላት ዝርዝር የመጀመሪያውን ሰው ይወስዳል። ኮፒው ላይ ‹ሙከራ ሙከራ› ብዬ ነው የመዘገብኩት።»

ማክሰኞ ፈትሂያ ረቂቁን ለጋሽ ኃይሌ ወሰደችላቸው። ጋሽ ኃይሌ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ወረቀት ሲይዙ ፊታቸው ይበራል። ቀይዋን ክብ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

«ድንቅ ነው! ድንቅ ነው ልጄ። ግን ይሄ ሙከራ የሚባለው ሰውዬ ማነው? የኛ አባል አይደለም።»

«ምሳሌ ነው ጋሼ።»

«ሽማግሌዎቹ አይቀበሉትም። የማያውቁት ሰው ስም ያለበት መጽሐፍ የሌላ አገር መጽሐፍ ይመስላቸዋል። የራሳችን ሰው ስም ይግባበት። ደግሞ እነሆ፣ ዝርዝሩን በፊደል ተራ አድርገሽዋል፤ የእድሩ ዳኛ ሐጂ ዑመይር ከኋላ ገጽ ሊገቡ ነው? በፊደል ተራ ተብሎ ትልቅ ሰው ከበር ላይ አይቀመጥም። የዳኛው ስም ከላይ ይሁን።»

ፈትሂያ ጊዜ አልነበራትም። ሐሙስ ነገ ወዲያ ነው። የጋሽ ኃይሌን እድር አራት መቶ ስድሳ አባል ወደ ኮፒው በእጇ ከምትገለብጥ ፕሮግራሙን በቀጥታ በእውነተኛው መዝገብ ላይ ማዞር ቀለላት። የሐጂ ዑመይርን ስም ከላይ አስቀመጠች። መልእክት መላኪያው መሣሪያ እዚያው እድሩ ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ መሆኑን ግን አላሰበችም።

ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ዑመይር ስለ መቃብሩ አጥር የዞን ቢሮ ሊያነጋግሩ በመጀመሪያው አውቶብስ ወደ ወልቂጤ ሄዱ። መንገድ ላይ ባትሪ ይቆጥቡ ዘንድ ስልካቸውን ማጥፋት ልማዳቸው ነው።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰልሚያ ለአንዲት ተማሪ ፎርም ኮፒ እያደረገች ነበር። የኪሷ ስልክ አንዴ ነዘረ። አነበበችው።

«የእድራችን አባል ሐጂ ዑመይር አርፈዋል። የቀብር ቦታ፦ አንድ ሁለት ሦስት። የቀብር ሰዓት፦ አንድ ሁለት ሦስት።»

የሞት መልእክት የደረሰው ሰው ስሙን አንብቦ ነው የሚጮኸው። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ፤ አንደኛው ነጠላ ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ መንገድ ወጣ። ሰልሚያ ግን ክፉ ወሬ ጅራት አለው ብላ የምታምን ሴት ስለሆነች እስከ ነጥቡ አነበበች። አንድ ሁለት ሦስት። ይህ የልጇ ማሽን ባዶ ሳጥን የሚሞላበት ቃል ነው።

ለፈትሂያ ደወለች፤ መስመሩ አይገባም። አራት መቶ ስድሳ ሰው በአንድ ጊዜ እየደወለ እንዴት ይገባል! «ወረቀትሽን ነገ ውሰጂ» ብላ ተማሪዋን አስወጣችና በሩን ገርበብ አድርጋ ባጃጅ አስቆመች።

«ሐጂ ቤት ነው እትዬ?» አለ ባለ ባጃጁ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ግቢ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ። ለአባቴ ቀብር ድንጋይ የተሸከሙ ሰው ነበሩ።»

«አልሞቱም። ውሸት ነው።»

«አዎ፣ መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚያደርገው» አለና እያለቀሰ ነዳው።

የሐጂ ባለቤት እትዬ ሳሌሃ ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ እያገላበጡ ነበር። ሰልሚያ እየሮጠች ገብታ ፊታቸው ቆመች።

«እትዬ ሳሌሃ፣ ሐጂ አልሞቱም።»

ሳሌሃ ቀና አሉ። «ማን ሞቱ አለ?»

«ማንም። ማለቴ ስልኩ ነው።»

«ስልኩ ሞተ?»

«አይደለም እትዬ፣ የልጄ ማሽን...»

አልጨረሰችም። ከበሩ ውጭ ጩኸቱ ደረሰ። አምስት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ሰልሚያ እጇን ዘርግታ መንገዳቸውን ዘጋች፤ «ውሸት ነው! አልሞቱም! ወላሂ ደህና ናቸው!» አለች። አንዷ ሴትዮ ጓደኛዋን ጎሸመች። «ያዟት ያዟት፣ ደንግጣ ነው። ውኃ አምጡ።» ሰልሚያ እምቢ ስትል ሁለት ሆነው ክንዷን ያዙና አንድ ጣሳ ውኃ አናቷ ላይ አፈሰሱባት።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ የእድሩ ጎረምሶች የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው መጡ። እድር መጋዘኑን ለመክፈት የሟችን ቤተሰብ አይጠይቅም፤ ሐዘንተኛ እንዳይቸገር ቀድሞ መድረስ ነው ሥራው። አግዳሚው ወንበር ገባ፣ ሰፊው ድስት ገባ። ሰልሚያ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች «አትትከሉ» ትላለች፤ እነሱ «አይዞሽ እትዬ» እያሉ ካስማውን ይመታሉ።

እትዬ ሳሌሃ በርበሬያቸው መሀል እንደ ቆሙ ነበሩ። በመጨረሻ ሰልሚያን ወደ ጥግ ሳቧትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰልሚያ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

ሰልሚያ አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት አውቶብሱ ገደል ሲገባ ታያት። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሾፌሮቹ ቀን ቀን እንቅልፍ የጣላቸው ናቸው። ማሽኑ በስህተት ያለውን አላህ በእውነት ፈጽሞት ቢሆንስ? የሴትዮዋን ዓይን ስታይ ግን የራሷን ፍርሃት የምታስቀምጥበት ቦታ እንዳልሆነ ገባት።

«እርግጠኛ ነኝ እትዬ» አለች። ከተወለደች ጀምሮ ይህን ቃል ያለችበትን ቀን አታስታውስም።

ፈትሂያ ከጋሽ ኃይሌ ጋር ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ቀጥታ ሄዳ እትዬ ሳሌሃ እግር ላይ ወደቀች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በሉኝ። ሐጂ ምንም አልሆኑም፣ እኔ ነኝ።» ሴቶቹ አሁን እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ እብድ ስትባል ሁለተኛዋ ተጨመረች።

የጋሽ ኃይሌ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። ቁጥሩን ሲያዩ ቶሎ አንስተው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ኃይሌ» አለ ከስልኩ ውስጥ የሐጂ ዑመይር ወፍራም ድምፅ፣ «ወልቂጤ ደርሼ ስልኬን ብከፍት ሞተሃል ይለኛል። ነገሩ እውነት ከሆነ ባለቤቱ ሳልሰማ እንዴት ለአገር ነገራችሁ?»

ከዚያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ እልልታው አጥሩን ጥሶ ወጣ። እትዬ ሳሌሃ ስልኩን ነጥቀው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ ና!» ብለው ጮኹና በርበሬው ላይ ቁጭ ብለው ያን ጊዜ አለቀሱ።

ማንም ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ድምፅ ድምፅ ነው፤ ሰው በዓይኑ ካላየ አያምንም። ሐጂ ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ ሲወርዱ ሦስት መቶ ሰው ቆሞ ጠበቃቸው። እያንዳንዱ ትከሻቸውን ዳሰሳቸው። ከዐስር ሰላት በኋላ ዱዓ ተደረገ፤ ሽማግሌዎቹም «ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰዉም አለ፣ ነገሩን እዚሁ እንጨርሰው» ብለው ተቀመጡ። ፈትሂያን መሀል አቆሟት።

ሰልሚያ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣ ልጇን ታያለች። ነገ ፊርማ የለም። ቅዳሜ ሽፋ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ በረሃው ነው የሚታያት።

«ቁልፉን የተጫነው ማነው?» ብለው ጠየቁ ከሌላ እድር የመጡ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ። «የማሽን ወሬ አንፈልግም። ጥፋት እጅ አለው። የማን እጅ ነው?»

ፈትሂያ ዝም አለች። መልሱን እያሰበች ነበር፤ ለሰልሚያ ግን ዝምታው ገደል ሆኖ ታያትና ሳታስበው ብድግ አለች።

«የኔ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«እኔ ነኝ የተጫንኩት። ልጅቷ ስትወጣ ኮምፒውተሩን ነካካሁት። እሷ የለችበትም። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ጋሽ ኃይሌ ቀስ ብለው፣ «ሰልሚያ፣ አንቺ እኮ ዛሬ ጽሕፈት ቤት አልመጣሽም» አሉ።

«መጥቻለሁ። አላያችሁኝም።»

«እማ፣ ተቀመጪ» አለች ፈትሂያ። «እናቴ የምትለው ልክ አይደለም። ስለምትፈራ ነው። እጁ የኔ ነው። ቁልፉን የተጫነው ፕሮግራሙ ቢሆንም ሁሉንም ቁልፍ ተጫን ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እውነተኛው መዝገብ ላይ የለቀቅሁትም እኔ። ስለቸኮልኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ባለ ካፖርቱ ሽማግሌ እጃቸውን አራገፉ። «እንግዲህ ሰማችሁ። ማሽኑ ይቅርብን። ልጅቱም ሌላ ሥራ ትፈልግ። እኛ ጡሩምባችን ነበረን፣ ማንንም በቁሙ ገድሎ አያውቅም።»

ከጥግ ሳቅ ተሰማ። አባባ ከድሮ ነበሩ፣ በምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው።

«ማን ነገረህ?» አሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ስነፋ አንድ ሰው ገድያለሁ። ይቺ ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ ዳኛውን ስለገደለች ነው የሚደንቀው፤ እኔስ የጀመርኩት በአንድ ምስኪን ልብስ ሰፊ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ሐጂ ዑመይርም አብረው ሳቁ።

«በሥራዬ በሁለተኛው ዓመት ነው» ብለው ቀጠሉ አባባ ከድሮ። «አንድ ልጅ መጥቶ እገሌ አረፈ አለኝ። ጡሩምባዬን አንስቼ ወጣሁ። ሰውዬው ራሱን ስቶ ነበር እንጂ አልሞተም። የራሱን ጡሩምባ ሰምቶ ነው የነቃው። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። ከሟች ቤት ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ሬሳውን በዓይናቸው ያዩ፣ በየፊናቸው መጥተው ካልነገሩኝ ከቤቴ አልወጣም። ሰልሚያ ታውቃለች። ባለቤትሽ ያረፈ ቀን ወንድምሽና ጎረቤትሽ ወለተ ሐና ናቸው የመጡልኝ። ወንድምሽን ‹ቆይ፣ ሁለተኛ ሰው ላክ› ብዬ በር ላይ ሳቆመው ተቆጥቶኝ ነበር።»

ሰልሚያ ይህን አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጡሩምባው ለምን እንደዘገየ ለስድስት ዓመት ስታስብ፣ ንቀውን ነው ብላ ነበር የደመደመችው።

ፈትሂያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ ከድሮ፣ ይሄን ማን ያውቃል?»

«እኔ ነኛ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? አንቺ ኃይሌን ጠየቅሽ፣ መዝገቡን ጠየቅሽ። ያ ማሽንሽም ቁልፉን ይጫናል፣ ፎቶውን ያነሳል፤ ከቁልፉ በፊት ያለውን ከየት ያውቀዋል? እኔ ቤት አልመጣም።»

ባለ ካፖርቱ ሽማግሌ ግን «ይቅር» ከሚለው አልወረዱም፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ደገፏቸው። ሲከራከሩ ፀሐይ ዘቀዘቀች። መጨረሻ ላይ ሐጂ ዑመይር ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ።

«የተበደልኩ እኔ ነኝ፣ ይቅር ብያለሁ። ለሥራው ግን ነገ ብዕር አላነሳም። በፍርሃት የሚፈረም ፊርማም በድንጋጤ የሚሰረዝ ሥራም ደግ አይደለም። ልጅቱ ታርመው፤ በሁለት ሳምንት ታሳየን። ያን ጊዜ እንፈርም እንደሆነ እናያለን።»

ሁለት ሳምንት። ሰልሚያ በጣቷ ቆጠረች። ቅዳሜ ግን በሦስተኛው ቀን ነው።

ሐሙስና ዓርብ ቤቱ ውስጥ ብዙ ወሬ አልነበረም። ፈትሂያ በየደጁ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች። አንዳንዱ ስቆ ሸኛት፣ አንዳንዱ በሩን አልከፈተም፤ ሕፃናት ከኋላዋ «ዳኛ ገዳይ!» እያሉ ሮጡ። ዓርብ ማታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ፓስፖርቷን ከተተች። ሰልሚያ አየቻት። ልትለምን አሰበች፣ ልትራገም አሰበች፣ እታመማለሁ ልትል አሰበች። ድንኳን ውስጥ የዋሸችውን ውሸት አስታወሰችና ሌላ ውሸት አስጠላት።

«እፈራለሁ» አለቻት በቃ። «ሁልጊዜ እፈራለሁ፣ ታውቂያለሽ። ይሄኛው ግን እንደሌላው አይደለም።»

ፈትሂያ ዚፑን ሳትዘጋ ቆየች። «አውቃለሁ እማ። እዚህ ግን በየመንገዱ ይስቁብኛል። ሁለት ሳምንት ቆይቼ እንደገና እምቢ ቢሉኝስ?»

እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ የሽፋ ሚኒባስ ከመናኸሪያ ይነሳል ተብሏል። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ፈትሂያ ጫማዋን አስራ፣ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቁማ ሻይዋን ቆማ ትጠጣ ነበር። የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ።

አባባ ከድሮ ነበሩ። ምርኩዛቸው ጭቃ ነክቷል፤ ከላይኛው ሰፈር በእግራቸው ነው የመጡት። ሻንጣውን አዩት፣ ምንም አላሉም። አልፈውት ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ቀን ጠበቅሁሽ» አሉ። «ብትመጪ ብዬ ከቤት አልወጣሁም። አልመጣሽም፤ እኔ መጣሁ። ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ አባባ?»

«የማውቀውን ነዋ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ዕድሜዬም ሄዷል። ሞቼ የእኔን ሞት የሚያስታውቀው ያንቺ ማሽን ከሆነ በሥርዓት ያስታውቅ። ጻፊ። ሁለት ሰው። ሁለቱ ባልና ሚስት አይሁኑ፣ ተማክረው ይመጣሉ። አንዱ ሕፃን አይሁን። ሟች ነፍሰ ጡር ልጅ ያለችው እንደሆነ መጀመሪያ ሰው ወደሷ ይላክ እንጂ ድንገት አትስማ። እስላም ከሆነ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ አትዘግይ። ክርስቲያን ከሆነ ቄሱን ሳትጠይቂ ሰዓት አትጥሪ። ጻፍሽ?»

ፈትሂያ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ላፕቶፑ ሻንጣው ውስጥ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ ለእናቷ ትታው ልትሄድ ነበር። ከፈተችው።

«ቆይ አባባ፣ ቀስ ይበሉ። ሁለተኛው ሰው ከሌላ ስልክ ነው ማረጋገጥ ያለበት ማለት ነው? እሱ ካላረጋገጠ ቁልፉ ጭራሽ አይታይ?»

«ቁልፍሽን አላውቅም። ሁለተኛው ሰው ሳይመጣ ጡሩምባዬ ከግድግዳ አይወርድም ነበር።»

«እንግዲያው አይታይም» አለች ለራሷ፤ ጣቶቿ ሮጡ። «ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ የሚዞረው በኮፒው ብቻ ነው። ቁልፉን ይገልጻል፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ በፊት ያለውን ገጽ ግን የእርስዎን ቃል እኔ እጽፋለሁ። ቀጥሉ።»

ሰልሚያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የመናኸሪያው ክላክስ ከሩቅ ይሰማል። የፈትሂያ ስልክ ጮኸ፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ሽፍዬ... አዎ... አይ፣ አልመጣም።» ከንፈሯን ነከሰች። «ኧረ አልፈረሙልኝም፣ ሁለት ሳምንት ነው ያሉኝ። እንጃ። ላይፈርሙም ይችላሉ። ግን አሁን ሰውዬው እየነገሩኝ ነው፤ ጥያቸው ብነሳ ይሄን ማንም አይጽፈውም። ሽፍዬ፣ አንቺም ቆይ ብልሽ አትሰሚኝም አይደል?... እሺ። በየደረስሽበት ደውይልኝ። በአላህ ደውይልኝ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «ቀጥሉ አባባ» አለች።

ሰልሚያ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አነሳችና ወደ ውስጥ ክፍል ወሰደችው። አልጋው ላይ አስቀምጣ ለሽፋ ዱዓ አደረገች፤ ረጅም ዱዓ። ስትመለስ አባባ ከድሮ እጃቸውን እያወዛወዙ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ከማዶ ላለው ሰው ሞት እንዴት እንደሚነገር ያስረዱ ነበር። ፈትሂያም «አንዴ ይድገሙልኝ» ትላቸው ነበር።